ነርስን ከላይ ማስቀመጥ ቀላል ነው፣ ጣጣው መሃሉ ላይ ነው

መነሻ

ዴድ ባይ ዴይላይት የተባለው የቪዲዮ ጌም በ2016 ከወጣ ጀምሮ "ማን ነው ጠንካራው ገዳይ" የሚለው ክርክር አላለቀም። የሌሎችን ዝርዝር ማየት ሰለቸኝ። አብዛኛው "ይሄ አደገኛ ነው፣ ይሄ አይረባም" ብሎ ያልፋል፤ በምን ተለክቶ እንደሆነ ግን አይነግርህም። ስለዚህ የራሴን ቲር ሊስት (የደረጃ ዝርዝር፤ ከላይ ወደ ታች ኤስ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ) ልሠራ ነው፤ እየሠራሁም እዚሁ እጽፋለሁ።

ጌሙን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ አንዱ ተጫዋች ገዳይ ነው፣ አራቱ ሰርቫይቨር፣ ለማምለጥ የሚሞክሩት። ሰርቫይቨሮቹ ማፑ ላይ ካሉት 7 ጄኔሬተሮች 5ቱን ጠግነው፣ በር ከፍተው መውጣት አለባቸው። ገዳዩ ያሳድዳል፣ ይመታል፣ መንጠቆ ላይ ይሰቅላል። አንድ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ከተሰቀለ አለቀለት። ገዳዮቹ አሁን 40 ገደማ ደርሰዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ የሆነ ችሎታ አለው። ሁሉንም እኩል አልተነትንም። አንዳንዶቹ ብዙ የሚያናግሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹን በአንድ መስመር አልፋቸዋለሁ።

ደንቡ፦ የመረጥኳቸውን ሁሉ በአንድ ዓይነት አራት ፐርክ (ተጨማሪ ችሎታ) እጫወታለሁ። አድ-ኦን፣ የገዳዩን ችሎታ የሚቀይረው ዕቃ፣ የለም። አንዳንድ አድ-ኦን ገዳዩን ጭራሽ ሌላ ፍጥረት ስለሚያደርገው እሱን ከጨመርኩ የምለካው ገዳዩን ሳይሆን ዕቃውን ይሆናል። መጀመሪያ በግል ጨዋታ ከቦቶች ጋር እጄን አፍታታለሁ፣ ከዚያ ወደ እውነተኛው።

ስሌቱ

ዝርዝሩን ከመጀመሬ በፊት ወረቀት ላይ ትንሽ ሒሳብ ሠራሁ፤ ያለዚህ ደረጃው የስሜት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ሰው ብቻውን አንድ ጄኔሬተር ለመጠገን 90 ሰከንድ ይፈጅበታል። አምስቱ 450 ሰከንድ ማለት ነው። እኔ አንዱን ሳሳድድ ሦስቱ ቢሠሩ 450 ለ3፣ 150 ሰከንድ። ሁለት ደቂቃ ተኩል! በእርግጥ መራመድ አለ፣ መታከም አለ፣ ጓደኛን ከመንጠቆ ማውረድ አለ፣ ስለዚህ እንዲህ ቶሎ አያልቅም። ግን የሚያስፈራው ቁጥር ይሄ ነው። እኔ በሌላ በኩል አራቱንም በመንጠቆ ለመጨረስ 12 ጊዜ መስቀል አለብኝ።

ቀጥሎ ፍጥነት። ሰርቫይቨር በሰከንድ 4 ሜትር ይሮጣል። አብዛኛው ገዳይ 4.6 ነው። ልዩነቱ 0.6 ሜትር ብቻ። 12 ሜትር የቀደመኝን ሰው በቀጥታ መንገድ ለመድረስ 20 ሰከንድ ያስፈልገኛል። 4.4 ሜትር የሚሄዱት ገዳዮች ደግሞ ለዚያው 12 ሜትር 30 ሰከንድ ይወስድባቸዋል። ይሄ እንግዲህ ሰውየው ቀጥ ብሎ ከሮጠ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሮጥ ማን አለ! ግድግዳ ይዞ ይዞራል፣ በመስኮት ይዘላል፣ ፓሌት (የቆመ የእንጨት መከለያ) ጭንቅላትህ ላይ ይጥላል። አንተ የምታየው በገዳዩ ዓይን ፊት ለፊትህን ብቻ ነው፤ እሱ ግን ካሜራው ከጀርባው ስለሆነ ጥጉን ሳይዞር ከጥጉ ወዲያ ያለኸውን አንተን ያይሃል።

ስለዚህ መለኪያዬ ሁለት ጥያቄ ሆነ። የገዳዩ ችሎታ አንድን ማሳደድ ስንት ሰከንድ ያሳጥራል? ከአንዱ ጄኔሬተር ወደ ሌላው ለመድረስስ ስንት ሰከንድ ያተርፋል? ሌላው፣ መልኩ፣ ድምፁ፣ የሚያስፈራው ፊቱ፣ ለደረጃ አይቆጠርም።

ከጥንቶቹ ሦስት

ጌሙ ሲወጣ የነበሩት ትራፐር፣ ሬይዝ እና ሂልቢሊ ናቸው። ከነሱ ጀመርኩ፤ ምክንያቱም ሦስቱ ሦስት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ።

ትራፐር ወጥመድ ይቀብራል። ሐሳቡ ያምራል፣ ሰዓቱ ግን ይገድለዋል። ጨዋታው ሲጀመር ሌላው ገዳይ ወደ ሰው ሲሮጥ እሱ ወጥመድ እየሰበሰበ ሳር ውስጥ ይደብቃል። እስኪጨርስ ድረስ የመጀመሪያው ጄኔሬተር ጮኸ። ከዚያ ደግሞ አንዱ አይቶት ወጥመዱን ያከሽፈዋል። ሲሳካለት ግን እንደሱ የሚያረካ የለም፤ በመስኮት ዘሎ ያመለጠ የመሰለው ሰው ወጥመድ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ያ ድምፅ! ደረጃው ዲ፣ ፍቅሬ ኤስ።

ሬይዝ ይሰወራል። ተሰውሮ በሰከንድ 6 ሜትር ስለሚሄድ ማፑን ቶሎ ያዳርሳል። ለመምታት ግን ደወል ደውሎ መገለጥ አለበት። ከተገለጠ በኋላ ተራ ገዳይ ነው፤ ሎፕ ላይ፣ ሰውየው ፓሌትና መስኮት ይዞ ሲዞርበት፣ ምንም የሚያደርገው የለም። ሰርቫይቨሮቹ ልምድ የሌላቸው ሲሆኑ ይፈጃቸዋል፣ ልምድ ካላቸው ደግሞ ደወሉን ሰምተው ወደ ጠንካራ ፓሌት ይሄዳሉ። ለጊዜው ሲ፣ ከፍ ሊል ይችላል።

ሂልቢሊ ሌላ ዓለም ነው። መጋዙን አስነስቶ ከተፈተለከ ከማፑ ጫፍ ጫፍ ይደርሳል፣ የነካውን ሰው ደግሞ ጤነኛም ቢሆን በአንድ ምት ይጥላል። ሁለቱንም ጥያቄ ይመልሳል። ችግሩ መታጠፍ ነው። መጋዙ እየነዳህ ጥጉን ማጠፍ የሚችል እጅ ከሌለህ ግድግዳ እየገጨህ ነው የምትውለው። እኔ ብዙ ግድግዳ ገጭቻለሁ፣ ያም ሆኖ ኤ ላይ አስቀመጥኩት። እዚህ ላይ ነው አንድ ጥያቄ ብቅ ያለው፦ የማስቀምጠው በኔ እጅ ነው ወይስ በጎበዝ እጅ? ለጊዜው ተሻግሬዋለሁ።

ነርስና ብላይት

ነርስ ኤስ ነች። እዚህ ላይ የሚከራከር ካለ ሌላ ጌም እየተጫወተ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ነርስ በእግሯ በሰከንድ 3.85 ሜትር ነው የምትሄደው፤ ከሰርቫይቨር ትዘገያለች። ያለ ችሎታዋ ማንንም አትይዝም። ችሎታዋ ግን ግድግዳ፣ ፓሌት፣ መስኮት ሳይል ሰንጥቆ ማለፍ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተከታትላ ትጠፋና ብቅ ትላለች። ሰርቫይቨሩ የተማረው ነገር በሙሉ፣ ሎፑ፣ ፓሌቱ፣ መስኮቱ፣ እሷ ላይ አይሠራም። ያለው አማራጭ ከዓይኗ መሰወርና አቅጣጫ መቀያየር ነው። ማሳደድን ከሥሩ የቀየረችው እሷ ነች፣ ሌሎቹ ማሳደድን ያሳጥራሉ እንጂ ሕጉን አይሰርዙም።

ከብልጭታው በኋላ ግን ትደክማለች፣ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ከሳትክ ያቺ ድካም ዕድሜ ልክ ትመስላለች። ርቀቱን በጣትህ ነው የምትለምደው፣ ቁልፉን ስንት ጊዜ እንደምትይዝ። ባለ ሁለት ፎቅ ማፕ ላይማ ወለሉን ሰንጥቀህ ምድር ቤት ትወርዳለህ፣ ሰውየው ከላይ ይስቅብሃል።

አስገራሚው ነገር፣ ጌሙን የሚሠራው ቢሄቪየር ኢንተራክቲቭ በተለያየ ጊዜ ባወጣቸው ቁጥሮች የነርስ የመግደል መጠን ከብዙዎቹ ገዳዮች ያነሰ ሆኖ ታይቷል። ጎበዞቹ አንደኛ የሚሏት ገዳይ በሁሉም ተጫዋች አማካይ ሲታይ ከታች ናት። ሁለቱም እውነት ነው። ያሻገርኩት ጥያቄ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ብላይትን በዚያው ሳምንት ያዝኩት። ግድግዳ እየገጨ፣ እንደገና እየተወረወረ የሚሄድ ገዳይ ነው፤ አምስት ጊዜ መወርወር ይችላል፣ በሰከንድ 9.2 ሜትር። ከሰርቫይቨር ከሁለት እጥፍ በላይ! ማፕ ማዳረስ ላይ ከነርስ ይበልጣል፣ ማሳደድ ላይ ግን አሁንም ዕቃዎቹ ያግዱታል። ኤስ፣ ከነርስ ሥር። አንድ ነገር፦ የምትገጨው ነገር ሁሉ እንዳሰብከው አይመልስህም። ክብ ዛፍ ሲያጋጥምህ ከገዛ ችሎታህ ጋር ትጣላለህ።

ጆሮ የሚጠይቀው

ስፒሪት። ይቺን ብቻዋን ለመጻፍ የፈለግኩት እስካሁን ከተጫወትኳቸው ሁሉ የምትለይ ስለሆነች ነው።

ችሎታዋን ስትጠቀም እሷ ትሰወራለች፣ ሰውነቷ ቆሞ ይቀራል። አንተም ሰርቫይቨሮችን አታይም። የሚቀርህ የእግራቸው ጭረት ምልክት፣ የሚወዛወዝ ሳር፣ የቆሰለ ሰው ማቃሰትና ትንፋሽ ነው። ሄድፎን ከሌለህ አትንካት። ሰርቫይቨሩ በበኩሉ ቆማ ያለችውን ሲያይ ችሎታዋን ጀምራለች ወይስ እያታለለችኝ ነው ብሎ ይጨነቃል። አንዳንዴ ምንም ሳታደርግ ዝም ብለህ ትቆማለህ፣ ሰውየው ራሱ ፓሌቱን ትቶ ወዳንተ ይመጣል። ይሄን የመሰለ የአእምሮ ጨዋታ ሌላ ገዳይ ላይ አላገኘሁም። ኤ፣ የኤ ጣሪያ።

የመሃሉ ጭቃ

ከላይና ከታች ያለው ቶሎ ይለያል። መሃሉ ግን ያሳብዳል። ሐንትረስ፣ ፕሌግ፣ ሃግ፣ ዶክተር፣ ሊጂን፣ ፒግ፤ እነዚህን ዛሬ አስቀምጬ ነገ አነሳቸዋለሁ።

ሐንትረስ መጥረቢያ ትወረውራለች፣ ሲያልቅባት ከቁም ሳጥን ትሞላለች። 4.4 ሜትር ከሚሄዱት ናት፣ በዚያ ላይ እያዜመች ስለምትመጣ ከሩቅ ትሰማለህ። ሜዳው ክፍት ከሆነና እጅህ ከቀና ግን ሎፕ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ከአጭር ግድግዳ በላይ አሳልፈህ ትመታለህ። እንደ ሊሪስ ያለ በክፍልና በኮሪደር የተሞላ ማፕ ሲወጣልህ ደግሞ ግድግዳ ስትጠርብ ትውላለህ። ለአንድ ገዳይ ሁለት ደረጃ መስጠት ይፈቀዳል? እኔ ኤ ብያታለሁ፣ የታችኛው ኤ።

ፕሌግ በጣም ወደድኳት። ሰው ላይ ታስታውካለች፣ ይታመማል፣ ሕመሙ ሲሞላ ይቆስላል፣ ሕክምናም አይሠራለትም። ለመዳን ማፑ ላይ ካሉት ምንጮች በአንዱ መታጠብ አለበት። ከታጠበ ግን ምንጩ ይበከልና እሷ ከዚያ ጠጥታ ከሩቅ የሚያቆስል ትውከት ታገኛለች። እንግዲህ ሰርቫይቨሮቹ ምርጫ አለባቸው፦ ታጥበው መሣሪያ ይስጧት ወይስ እንደታመሙ ይጫወቱ? ተስማምተው የሚጫወቱት አይታጠቡም። እርስ በርስ የማይተዋወቁት ግን ሦስቱ ችለው አንዱ ሮጦ ይታጠባል፣ ከዚያ ሁሉም ይከፍላል። የእሷ ጥንካሬ በሰርቫይቨሮቹ መግባባት የሚወሰን ነው። ቢ አልኳት፣ ከፍተኛው ቢ።

ሃግ ጭቃ ላይ ምልክት ትሥላለች፣ አጠገቡ በሮጠ ሰው ላይ ወደዚያ ትዘላለች። መንጠቆ ዙሪያ ስትጠብቅ አስቸጋሪ ናት። ግን እንደ ትራፐር መዘጋጃ ጊዜ ትፈልጋለች፣ ጎንበስ ብሎ ያለፈ ሰው ደግሞ አይነቃባትም። ቢ።

ዶክተር ሰው ፍለጋን ያጠፋልሃል፤ በኤሌክትሪኩ በአካባቢው ያለውን ሁሉ ያስጮኸዋል። ማፑን ለማያውቅ ጀማሪ ገዳይ ከሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። ሲ።

ፒግ ሰው ጭንቅላት ላይ ወጥመድ ትገጥማለች፤ ጄኔሬተር ሲያልቅ መቁጠር ይጀምራል፣ ሰውየው ሥራውን ትቶ ቁልፉን ፍለጋ ሣጥን ሲበረብር ይውላል። ሰዓት ትሰርቃለች ማለት ነው፣ በኔ መለኪያ ነጥብ አላት። ማሳደድ ላይ ግን ብዙ አትረዳም። ሲ።

የሊጂን ክርክር

አብሮኝ የሚጫወት ጓደኛ አለ፤ እሱ የሰርቫይቨር ሰው ነው። ግማሽ የደረሰውን ዝርዝር አሳየሁት። ገና ሳያነብ፦

"አንተ፣ ሊጂንን ዲ ላይ ያስቀመጥከው ተጫውተህ ነው ወይስ ጠልተኸው?"

"ተጫውቼ ነዋ።"

"ታዲያ እኛን እንዴት እንደሚያሰቃየን አላየህም? አንዱን ወግቶ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ሁላችንም ቆስለን ስንሰፋ ነው የምንውለው።"

"እሱ አድካሚ ነው እንጂ ጠንካራ አይደለም።"

"ለኔ ምን ልዩነት አለው ወንድሜ?"

ልዩነት አለው፣ ግን ነጥቡ ገብቶኛል። ሊጂን ሁሉንም በአንድ ዙር ያቆስላል፣ ቁስሉን ለመስፋት ጊዜ ይወስዳል፣ ያ ጊዜ ከጄኔሬተር የተቀነሰ ነው። የመጀመሪያዋን ምት በነጻ ያገኛል፣ ሁለተኛዋ ላይ ግን ተራ ገዳይ ሆኖ ይቀራል። በሰዓት ስሌት ከዲ ወደ ሲ ከፍ አደረግኩት። ጓደኛዬ ቢ ይገባዋል ባይ ነው። ከሱ ጋር አብሮ መኖር ይቻላል።

በዚሁ ስለ ስከል መርቸንት ተነሳ። እሷን ማንም አይወዳትም ነበር፤ ድሮኖቿን አንድ ጥግ ተክላ ጨዋታውን ማርዘም ትችል ነበር። በ2024 ሠሪዎቹ እንደ አዲስ እስክትሠራ ድረስ ብለው ሆን ብለው አደከሟት። የደረጃ ዝርዝር ላይ ጉዳዩ ይሄ ነው፤ አንዳንዱ ገዳይ ከታች ያለው ስለደከመ ሳይሆን ሰው ስለጠላው ነው። ዲ፣ አስተያየት የለኝም።

ያልጠበቅኩት እንቅፋት

ከ2021 መስከረም ጀምሮ ጌሙ ተጋጣሚ የሚመርጥልህ በስውር የችሎታ ነጥብ ነው። ነጥቡ ደግሞ ለየገዳዩ የተለየ ነው። አዲስ ገዳይ ስጀምር የሚመጡልኝ ሰርቫይቨሮች ቀለል ይላሉ፣ የለመድኩትን ስጫወት ግን ፓሌት ማባከን የማያውቁ ጉዶች ይላኩብኛል። ስለዚህ "በዚህ ገዳይ ስንት ገደልኩ" ብሎ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ሬይዝ ቀላል ሰዎች ላይ አራቱንም ይጨርሳል፣ ብላይት ጎበዞች ላይ ሁለት ይገድላል፤ በዚህ ሒሳብ ሬይዝ ይበልጣል ሊባል ነው።

መላው፦ የገደልኩትን መቁጠር ተውኩ። የምመዘግበው የማሳደዱን ርዝመትና ሰርቫይቨሩ ስንት ፓሌት እንደጨረሰብኝ ነው። ቪዲዮ እየቀዳሁ በኋላ አያለሁ። ፓሌት መስበር ከ2 ሰከንድ ትንሽ ያልፋል፣ ያም ይደመራል። ይሄ ብዙ ነገር አጠራልኝ። ለምሳሌ ሬይዝ አዋቂ ሰው ላይ ሲገባ ማሳደዱ ከትራፐር ብዙም አያጥርም፤ የሚበልጠው ሰውየው ዘንድ ቶሎ በመድረስ ብቻ ነው። ሲ ላይ ጸናለት፣ ከፍ የማለት ተስፋው ተዘጋ።

ያሻገርኩት ጥያቄም እዚህ ተፈታ። ዝርዝሩ ሁለት ዓምድ ይኖረዋል። አንዱ በጎበዝ እጅ፣ ሌላው በመጀመሪያው ሳምንት እጅ። ነርስ በመጀመሪያው ኤስ፣ በሁለተኛው ዲ። ሂልቢሊ ኤ እና ሲ። ዶክተር በተቃራኒው ሲ እና ኤ! አንድ ዓምድ ያለው ዝርዝር ጀማሪውን ነርስ አስመርጦ ግድግዳ ውስጥ ይከተዋል።

ፐርክ ስቀይር

ደንቤ አንድ ዓይነት ፐርክ ነበር። ለማየት ያህል አንዷን ብቻ ቀየርኩ፤ ኮራፕት ኢንተርቬንሽን አስገባሁ። ጨዋታው ሲጀመር ከገዳዩ በጣም የራቁትን ሦስት ጄኔሬተሮች ለ120 ሰከንድ ትዘጋለች፤ በመሃል ሰው መሬት ከጣልክ ቀድማ ትከፍታቸዋለች።

ነርስ ላይ ምንም አልተሰማኝም። ቶሎ ሰው ስለምትጥል ጄኔሬተሮቹ ወዲያው ይከፈታሉ። ትራፐርና ሃግ ላይ ግን ተአምር ነው። ወጥመድ ለመቅበር የጎደላቸው ያ ጊዜ ተሰጣቸው፣ ሰርቫይቨሮቹም ራሳቸው ወደተዘጋጀው ሰፈር ይመጣሉ። ትራፐር በዚህ ፐርክ ሲ ይሆናል፣ ምናልባት ቢን ይነካል። ዝርዝሩ ላይ ከስሙ አጠገብ "በፐርክ ከፍ ይላል" የሚል ምልክት አደረግኩለት። ኦኒም ምልክት ሊያስፈልገው ይችላል፤ እሱ የፈሰሰ ደም ሰብስቦ ነው ኃይሉን የሚያገኘው፣ እስከዚያ ድረስ ተራ ሰው ነው። ካገኘ በኋላ ግን አትጠጋው። ኤ።

የቀሩትን በፍጥነት

አርቲስት፦ ቁራዎቿ ግድግዳ አልፈው ይሄዳሉ፣ ከሩቅ ጄኔሬተር ላይ ያለን ሰው ታውካለች። ቢ፣ ከፍ ያለው።

ድሬጅ፦ ከቁም ሳጥን ቁም ሳጥን ይዘላል፣ ማፑን ያጨልማል። ድባቡ አንደኛ፣ ደረጃው ቢ።

ሌዘርፌስ፣ በጌሙ ስም ካኒባል፦ መጋዙ ያገኘውን ሁሉ ይጥላል፣ ጥጉን ለያዘ ሰው ግን ብዙ አያስፈራም። ቢ።

ጉል፦ በ2025 ሲመጣ አየር ላይ እየዘለለ ሰው ላይ ስለሚያርፍ ጩኸት አስነሳ፣ ከዚያም ተስተካከለ። ለጀማሪ የሚቀል፣ ለጎበዝም የማይከብድ። በሁለቱም ዓምድ ኤ፤ እንደሱ ያለ ሌላ የለኝም።

ሴኖባይት፦ ፈቃዱ አልቆ በ2025 ሚያዝያ ከሽያጭ ወርዷል፤ ቀድሞ የገዛ ይጫወተዋል። አዲስ ሰው ስለማያገኘው ከሁለተኛው ዓምድ አወጣሁት።

ያልተቋጨው

ከመረጥኳቸው ውስጥ ሁለት ገዳይ ቀርቶኛል፤ ትዊንስ እና ሲንጉላሪቲ። ትዊንስ ላይ እህትየዋንና ትንሹን ወንድሟን እየተቀያየርክ ስለምትነዳ ጣቴ ገና አልለመደም፣ ሲንጉላሪቲ ደግሞ ካሜራ መትከልና በካሜራው ማየት ስለሚጠይቅ የማፑን አቀማመጥ በቃል ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም በጎበዝ እጅ ከኤ እንደማይወርዱ እገምታለሁ፣ ግን የማሳደድ ርዝመት ሳልመዘግብ አላስቀምጣቸውም።

የላይኛው ጫፍ አሁን ያለው ቅደም ተከተል፦ ነርስ፣ ብላይት፣ ከዚያ ስፒሪት፣ ሂልቢሊ፣ ጉል፣ ኦኒ፣ ሐንትረስ። ጓደኛዬ ሂልቢሊ ስፒሪትን ይበልጣል ብሎ ሊሞት ነው። ነገ ማታ እሱ ሰርቫይቨር ሆኖ፣ እኔ ሁለቱንም በየተራ ይዤ፣ አንድ ማፕ ላይ እየቀዳን እንለካዋለን።